ልብን ለእግዚአብሔር መስጠት፦ ከሐና የምንማረው መንገድ

«ልቤን ለጌታ ሰጥቻለሁ» ማለት አይከብድም። የሚከብደው የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ የልጅ ነገር ሲያሳስብ፣ የቪዛው መልስ ሲዘገይ ነው። ልባችን ማን ዘንድ እንዳለ ያን ጊዜ ይታወቃል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለሚደረገው ነገር ነው። መንገዱን መካን ከነበረችው ከነቢዩ ሳሙኤል እናት ከሐና እንውሰድ፤ ታሪኳ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 እና 2 ላይ አለ። ከሁሉ በፊት እሱን ረጋ ብለው ያንብቡት።

የያዙትን በስሙ ይጥሩት

«ሁለንተናዬን እሰጥሃለሁ» የሚለው ጸሎት መልካም ነው። ግን በጥቅሉ የሰጠነውን ነገር ቶሎ እንረሳዋለን። ሐና በደፈናው «ባርከኝ» አላለችም። ወንድ ልጅ ብላ ለየች፤ ከሰጠኸኝ መልሼ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላም ተሳለች።

እርስዎም ወረቀት ያውጡና እነዚህን ይመልሱ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ምንድን ነው? እግዚአብሔር «ተወው» ቢለኝ የምከራከረው በምኑ ላይ ነው? ሰው እንዳያውቅብኝ የምደብቀው ምን አለ? ብዙ ጊዜ የሦስቱም መልስ ወደ አንድ ነገር ይመራል፤ ወደ ገንዘብ፣ ወደ ትዳር፣ ወደ ቂም ወይም በሰው ዘንድ ወደ መከበር። ከአንድ በላይ ከወጣ በአንዱ ይጀምሩ።

ሳያሳምሩ ይንገሩት

ለእኔ ትልቁ ደረጃ ይህ ነው። ሐናን ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ ታስቆጣት ነበር። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል፤ ሕመሟን ግን ሊያስታግስላት አልቻለም። በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እሷ ግን ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስሁ አለችው። ከኀዘንና ከጭንቀት ብዛት እንደተናገረች አልደበቀችም።

ብዙዎቻችን ጸሎት ላይ ስንደርስ ንግግራችንን እናሳምራለን። ተናደን ሳለ «ተመስገን» እንላለን። ምስጋናው አይቅር፤ ግን ቂም ካለ «ቂም ይዣለሁ» ይበሉት። ቅናት ከሆነም «ቀንቻለሁ» ይበሉ። እርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው። ቃል ካጡ የዳዊትን የንስሐ መዝሙር ይድገሙ፤ 50ኛው ነው፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 51ኛው። «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የሚለው እዚያ ነው።

ቦታ የለኝም ብለው አይዘግዩ። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን የምትዘጋው በር ላይኖራት ይችላል። ሐናም ድምፅዋን አላሰማችም፤ ጸሎቷ ግን ተሰማ።

ውጤቱን ለእርሱ ይተዉ

ጌታ በጌቴሴማኒ መጀመሪያ ፈቃዱን ተናገረ፤ ቢቻል ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ አለ። ቀጥሎም ፈቃዱን ለአባቱ ተወ። ማቴዎስ 26 ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ እንደጸለየ ይነግረናል። ስለዚህ መፈለግዎ ኃጢአት አይደለም፤ ደጋግመው መጸለይዎም የእምነት ማነስ አይደለም።

ሐና ከጸሎት ተነሥታ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ገና አልፀነሰችም እኮ! ሰላሟ ከልጁ ቀድሞ መጣ።

አንድ ነገር አደራ። ውጤቱን መተው ኃላፊነትን መተው አይደለም። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ አስተምረው ነበር። ቤት ውስጥ የምትደበደብ ሴትም «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ብላ ዱላውን እንድትችል ማንም አይምከራት። ትውጣ፤ እርዳታ ትፈልግ።

አንድ የሚታይ ሥራ ይሥሩ

ዘኬዎስ ከገንዘቡ እኩሌታውን ለድሆች፣ በግፍ የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። የእርስዎ ነገር ገንዘብ ከሆነ በዚህ ሳምንት ያለብዎትን የሰው ዕዳ ይክፈሉ። ቂም ከሆነ ስልክ ያንሡ፤ ካልሆነልዎ ለዚያ ሰው በስሙ ይጸልዩ። ያሰቡትንም ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ለነፍስ አባትዎ ወይም ለሚያምኑት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። ብቻን የተያዘ ውሳኔ ቶሎ ይላላል።

ሐና ሳሙኤልን ጡት ካስጣለች በኋላ ወስዳ ሰጠችው። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ለእግዚአብሔር የሰጡትን ሰው መውደድዎን ማቆም የለብዎትም። ልጅዎን አደራ ሰጥተውም ይደውሉለት፣ ስንቅ ይላኩለት፣ ይናፍቁት።

መልሰው ሲወስዱት

ይወስዱታል፤ ምናልባትም በማግስቱ። «ድሮም አልሰጠሁም ነበር» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ጭንቀቱ ሲመለስ ያንኑ ጸሎት አጭር አድርገው ይድገሙት። ለዚህ አዲስ ሥርዓት አያስፈልግም፤ አባታችን ሆይ በየቀኑ አለ። «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። ወረቀቱ ላይ የጻፉትን ነገር በስሙ ይጥሩ፤ ከዚያ የዕለት እንጀራዎን ወደ መለመን ይቀጥሉ።