የቤት ውስጥ ደረጃ በርካሽ ሲበራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሃል አዲስ አበባ፣ ጠባብ ቦታ ላይ የተሠራ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ጉድለት አለው። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም መስኮት ይደርሳቸዋል፤ ደረጃው ግን መሃል ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ጸሐይ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ደግሞ ገና በ9 ሰዓት ደረጃው ይጨልማል። መፍትሔው ብዙ ብር አይጠይቅም። ብሩ የሚባክነው መብራቱ ለጌጥ ሲገዛ ነው። የደረጃ መብራት ሥራው የእያንዳንዱን እርከን ጠርዝ ለእግራችን ማሳየት ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።

ከላይ አንድ ትልቅ አምፖል ሰቅሎ መገላገል

የጣሪያው አምፖል የቱንም ያህል ቢያበራ፣ ስትወርዱ ከኋላችሁ ይሆናል። ያኔ የራሳችሁ ጥላ ልትረግጡት ባሰባችሁት እርከን ላይ ያርፋል። አምፖሉን በትልቅ ከመቀየር ከጉልበት በታች ትንንሽ መብራቶች ማድረግ ይሻላል። በጨለማ ውስጥ አንድ ዋት እንኳ ያልሞላ መብራት ጠርዝ ያሳያል። ብሩ ለሁሉም እርከን ካልበቃ፣ ከላይኛውና ከታችኛው ጫፍ ጀምሩ። እግር የሚስተው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ደረጃው አለቀ ብለን ስንረግጥ አንድ እርከን ቀርቶ ይገኛል።

የግቢ ሶላር መብራት ቤት ውስጥ መለጠፍ

ይሄ ስህተት ለምን እንደሚደጋገም ይገባኛል። ዋጋው ይስባል፣ ገመድ የለውም፣ ሁለት ብሎን ይበቃዋል። ግን የሚሞላው በጸሐይ ነው። መስኮት የሌለው ደረጃ ላይ ከሱቅ በመጣበት ቻርጅ ትንሽ ይሠራና ድርግም ይላል። የቤቱ አምፖል ይሞላዋል እንዳትሉ፤ ቤት ውስጥ የምናበራው ብርሃን የቀጥታ ጸሐይን አንድ መቶኛ እንኳ አይሆንም። ገመድ መዘርጋት ካልፈለጋችሁ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውን ውሰዱ።

ሴንሰሩን ያለ ቦታው ማድረግ

ባለ ሴንሰር መብራት የሰው ሙቀት ከፊቱ ሲያልፍ ይነቃል። ከጎን የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል፤ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚመጣበትን ግን ዘግይቶ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከደረጃው ጎን፣ ግድግዳው ላይ ይሁን። ደግሞ አንድ ከታች አንድ ከላይ ያስፈልጋል፤ ከታች ብቻ ከሆነ የሚወርደው ሰው ግማሹን መንገድ በጨለማ ይመጣል። ወጥ ቤቱ ከደረጃው ሥር ከሆነ ሴንሰሩን ወደ ምድጃው አታዙሩት፤ ሙቀቱ ያለ ሰው ሊያበራው ይችላል። ጀርባው ላይ ያለው ማጣበቂያም አቧራ ላይ አይዝም። ግድግዳውን ቀድማችሁ ጥረጉና ይድረቅ።

ስትሪፕ ሲገዛ ቮልቱን አለመጠየቅ

ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት የኤልኢዲ ስትሪፕ (ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት የሚለጠፍ ሪባን) አለ። አንዱ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው። ሌላው 12 ቮልት ነው፣ አዳፕተር ይፈልጋል። መርካቶ ገብታችሁ "ስትሪፕ" ብቻ ካላችሁ ባለ 220ውን ልትይዙ ትችላላችሁ። ለኮርኒስ ግድ የለም። ልጅ በእጁ የሚዳብሰው፣ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ደረጃ ላይ ግን እኔ አላስገባውም። የተቆረጠው ጫፍ በደንብ ካልታሸገ፣ እዚያ ጋ ያለው የግድግዳው ኃይል ነው። ባለ 12ቱ ቢነካም አይመታም፤ ምልክት ባለበት ቦታ በመቀስ ይቆረጣል። በሜትር 60 መብራት ካለው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ መቁረጥ ይቻላል፣ ስለዚህ ለጠባብ እርከንም ይመቻል።

አዳፕተሩ ላይ አትቆጥቡ። በሜትር 4.8 ዋት የሚፈጅ ስትሪፕ ለ5 ሜትር 24 ዋት ይፈልጋል። ልክ 24 ዋት ያለውን ከገዛችሁ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። 30 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። አዳፕተሩ ላይ የሚጻፈው በአምፔር ከሆነ 2.5 አምፔር ፈልጉ።

አገጣጠሙም ስህተት አለው። ብዙ ሰው የአንዱን እርከን ጫፍ ከቀጣዩ እያያያዘ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ መብራቱ ደብዝዞ ያገኘዋል። ወፈር ያለ አንድ ዋና ገመድ ከታች እስከ ላይ ይሂድ፤ እያንዳንዱ እርከን ከእሱ ይቀጠል። ስትሪፑ ወጣ ካለው የእርከን ጠርዝ ሥር፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይለጠፍ። ካልሆነ ከታች የሚወጣ ሰው ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል። ደረጃው የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወይም ግራናይት ከሆነ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ያንጸባርቃሉ። ለዚህ ስትሪፑ የሚገባበት፣ ነጭ ክዳን ያለው የአልሙኒየም ፕሮፋይል አለ። ለሊሾ ወይም ለጣውላ ደረጃ ግን ክዳኑ ያን ያህል አያስፈልግም፣ ብሩን አስቀሩት።

ስለ ቆጣሪ የምትሰጉ ካላችሁ፦ ይሄው 24 ዋት በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈጀዋል።

ነጩን መምረጥ

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ሱቅ ውስጥ ነጩ፣ 6500 ኬልቪኑ የሚያምር ይመስላል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ለተነሳ ሰው ግን እንቅልፍ ያባርራል። ዋርም የሚባለውን ቢጫማ ብርሃን፣ 3000 ኬልቪን አካባቢ ያለውን ውሰዱ።

መብራት የሚጠፋበትን ሌሊት መርሳት

ደረጃው በጣም አደገኛ የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ነው። ሁሉም ነገር ከቆጣሪ ጋር የተያያዘ ከሆነ ያወጣችሁት ብር በዚያ ሰዓት አይጠቅማችሁም። ሻማ እርከን ላይ ማቆም ደግሞ የባሰ ነው፤ የሚጎተት ነጠላ ወይም ረጅም ቀሚስ ካለ እሳት ይነሳል። የስልክ መብራት ይሠራል፣ ግን አንድ እጅ ይይዛል። ልጅ ያቀፈች እናት መደገፊያውን በምን ትያዝ? ስትሪፕ ብታስገቡም ባታስገቡም፣ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት ባለ ሴንሰር መብራቶች ከላይና ከታች ይኑሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ቻርጅ አታድርጉ፣ አፈራርቁ። መብራት ሲጠፋ የስትሪፑን አዳፕተር ብትነቅሉትም ጥሩ ነው፤ ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ብሎ እንዳያቃጥለው።

ማብሪያውን ከታች ብቻ ማድረግ

ከታች አብርቶ ላይ የወጣ ሰው ለማጥፋት ተመልሶ አይወርድም። ወይ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፣ ወይ ጭራሽ ሳያበሩ መውጣት ይለመዳል። ከታችም ከላይም የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ አለ፤ ኤሌክትሪሻኑን ቱ ዌይ በሉት፣ ያውቀዋል። ሁለቱን ማብሪያዎች የሚያገናኝ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ገና በሥራ ላይ ከሆነ ግድግዳው ሳይለሰን ንገሩት። ያለቀ ቤት ከሆነ ግድግዳ አታስፈልፍሉ። ገመዱ ከላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ ይለፍ፤ ከግድግዳው ቀለም ጋር አንድ ዓይነት ከተቀባ ዓይን አይስብም።