ፒክአፕዎ ደጋግሞ ሲሞቅ፣ መቼ እንደሚሞቅ ይለዩ

የቆየ ፒክአፕ ሞተር ደጋግሞ ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ መጠን ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ) ነቅሎ ከመጣል ወይም አዲስ ራዲያተር ከመግዛት በፊት ሙቀቱ መቼ እንደሚጨምር ማስተዋል ይገባል። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ሞቆ፣ መንገዱ ሲለቀቅለት የሚበርድ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩን ከሚያቀዘቅዘው ፋን፣ ፋኑን ከሞተሩ ጋር ከሚያገናኘው የፋኑ ክለች ወይም ከላላ ቺንጋ ነው፤ በከተማው ደህና ሆኖ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝቃጭ መደፈናቸው ነው። ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በየጊዜው መጨመር ይህንኑ ያባብሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የራዲያተሩን ክዳን ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ንጹሕ ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ደግሞ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ዋጋው ትንሽ በመሆኑ አስቀድሞ ቢቀየር አይጎዳም፤ ሞተሩ ሳይበርድ ግን ፈጽሞ አይከፈት። የሚፈስ ነገር ሳይታይ ውሃው የሚጎድል፣ ሞተሩም ሲነሳ በራዲያተሩ አፍ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይቃጠል ስለማይቀር መኪናውን ሳይነዱ መካኒክ ማስጠራት ይሻላል።