ስኩተር ከመግዛታችሁ በፊት ቺንጊያውን ጠይቁ

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች በዘንባባው ጎዳና ላይ ርካሹም ውዱም ስኩተር እኩል ይሸመጥጣል። በሙከራ ጉዞ አትሸወዱ።

መጀመሪያ ወደ መለዋወጫ መደብር ሂዱ። የአብዛኛው የቤንዚን ስኩተር ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በጎማ ቺንጊያ (ቀበቶ) ነው፤ ቺንጊያ ደግሞ አላቂ ነው። ለመረጣችሁት ሞዴል እዚሁ ከተማ ካልተገኘ፣ ውዱ ስኩተር ግቢ ውስጥ የቆመ ጌጥ ይሆናል።

ቀጥሎ ስኩተሩ ቤንዚን ለሞተሩ የሚያደርስበትን መንገድ ጠይቁ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይደክማል። ደግነቱ ጎበዝ መካኒክ በቀላሉ ያስተካክለዋል። በውዶቹ ላይ የተለመደው ኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ ራሱን ከአየሩ ጋር ያስማማል፤ ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይፈልጋል።

እኔ ተጨማሪ ብር የምከፍለው ለፍሬን ብቻ ነው። በክረምት ዝናብ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፊት ዲስክ ፍሬን ካለው አልከራከርም። ለሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ ግን ሰባራ ሳንቲም አልጨምርም። ከአስፋልት የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ጎማ ያለውን ምረጡ፤ ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይቀረቀራል።