ግድግዳ ከማስፈረሳችሁ በፊት፦ ድብቅ የውሃ ፍሳሽ ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

የውሃ ሂሳብ ድንገት ሲጨምር ወይም ግድግዳ ሲረጥብ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ መዶሻ የያዘ ሰው ይጠራል። ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ውሃው መቼ መቼ እንደሚፈስ ይታወቅ።

ቆጣሪውን አለማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፤ ታንከር ካለም እየሞላ አለመሆኑን እዩ። የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱና አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ሳትነኩ ቆዩ። ቁጥሩ ከጨመረ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ቀጥሎ ወደ ቤት የሚያስገባውን ዋና ቫልቭ ዝጉ። ቆጣሪው ከቆመ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ካልቆመ ግን ከቆጣሪው እስከ ቫልቩ ባለው፣ ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ በተቀበረው መስመር ላይ ስለሆነ የሻወሩን ሴራሚክ ማስነሳት ከንቱ ወጪ ነው።

ቆጣሪው ካልዞረ ሰላም ነው ማለት

ቆጣሪ የሚቆጥረው የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው። የሻወር ወይም የሲንክ መውረጃ ቢሰነጠቅ የሚያፈሰው ስትጠቀሙበት ነው፣ ቆጣሪው ምንም አይነግራችሁም። ሰው ከታጠበ በኋላ የሚብስ እርጥበት መውረጃውን ወይም የሴራሚኩን መጋጠሚያ ያስጠረጥራል። ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ጣሪያውን እዩ።

የረጠበውን ቦታ ዝም ብሎ መቆፈር

ውሃ ቧንቧውን ወይም ሶሌታውን ተከትሎ ራቅ ብሎ ይሄድና ክፍተት ባገኘበት ይወጣል። በሙቀት ካሜራ አገኛለሁ የሚል ባለሙያ ከመጣም፣ ካሜራው የሚያሳየው የሙቀት ልዩነት እንጂ ውሃውን ራሱን ስላልሆነ በእርጥበት መለኪያ ሳያረጋግጥ እንዳይሰብር።

ሽንት ቤቱን መርሳት

ድምፅ ሳያሰማ ሲያፈስ ይከርማል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሩና ውሃውን ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የማጠራቀሚያው መዝጊያ ጎማ በደንብ አይዘጋም።

“ጠብታ ናት” ብሎ መተው

250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በ10 ደቂቃ የምትሞላ ጠብታ በቀን 36 ሊትር ትወስዳለች። በወር አስቡት።

ቀለም ቀብቶ መሸፈን

ምንጩ ሳይቆም፣ ልስኑም ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ይላጣል። በቃ።

በባዶ እጅ መነካካት

እርጥበቱ ሶኬት ወይም አምፖል አጠገብ ከደረሰ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የዚያን ክፍል መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። ብሬከሩ ራሱ ረጥቦ ከሆነ አትጠጉት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።