ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ማንበብ ለምትፈልጉ

ብዙ ሰው በቀጥታ የእኚህን የኢኮኖሚ ጸሐፊ ትልቁን መጽሐፍ "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር"ን ይከፍትና ጥቂት ገጽ ሄዶ ይተወዋል፣ እንደዛ አታድርጉ። መጀመሪያ አጭሯን "አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ"ን ጨርሱ፣ እሷ ላይ ነጋድራስ የሚፈልጉትን ለውጥ ፊት ለፊት ነው የሚናገሩት፣ ግብር በልኩ ይወሰን፣ የንጉሡና የመንግሥት ገንዘብ ይለያይ፣ ትምህርት ይስፋፋ እያሉ። መጽሐፎቹን አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆችን ጠይቁ፣ ካጣችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ገብታችሁ አስፈልጉ።

ከዛ ወደ ትልቁ ግቡ። ነጋድራስ ያረፉት 1911 ዓ.ም. ነው፣ መጽሐፉ የታተመው ደግሞ 1916፣ ታትሞ ሳያዩት መቅረታቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ዋናው ሐሳብ ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው፣ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ እውቀት ነው፣ ስለዚህ እውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲገበያይ የሌለው ሁሌ ይጎዳል የሚል ነው። እዚህ ጋ አትቸኩሉ! ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በግራ ወደ ውጭ የምንልከውን ጻፉ፣ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቆዳ፣ በቀኝ የምናስገባውን፣ ስልክ፣ መኪና፣ መድኃኒት፣ ከዛ አንድ ስልክ ለመግዛት ስንት ኪሎ ቡና መሸጥ እንዳለበት በዛሬ ዋጋ አስሉት፣ ያንን ቡና ለመልቀም የሚወስደውን ጊዜም አስቡ፣ ከዛ ነጋድራስ ስለ ንግድ የጻፉትን ድጋሚ አንብቡ፣ ያኔ በደንብ ይገባችኋል። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ካስቸገራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በጆሮ ሲሆን ይቀላል።