«ኦርከስትሬት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አማርኛ ተናጋሪ «ኦርከስትሬት» (orchestrate) ከሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ጋር ሲገናኝ «አቀነባበረ» የሚል አቻ በእጁ ስላለ ብዙ አይጨነቅም። ሁለቱም ለሙዚቃም ለሴራም ስለሚነገሩ በሌላው ሁሉ የሚተካኩ ይመስሉታል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ግሱን ሙዚቃ ከመድረስ ወይም ኦርኬስትራ ከመምራት ጋር ማምታታት ነው። ግሱ የሚያመለክተው አስቀድሞ የተደረሰን ሥራ ለኦርኬስትራ መሣሪያዎች ማከፋፈልን፣ ማለትም የትኛውን ሐረግ ቫዮሊን፣ የትኛውን ዋሽንት እንደሚጫወተው በኖታ መወሰንን ነው። ሩሲያዊው ሙሶርግስኪ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፒያኖ የደረሰውን «ሥዕሎች በዐውደ ርእይ» ፈረንሳዊው ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጀው የመክፈቻውን ዜማ ለአንድ ትራምፔት ሰጠው፤ ድርሰቱ የሙሶርግስኪ ሲሆን በዚህ ግስ የሚገለጸው የራቬል ድካም ነው። (የቃሉ የግሪክ ሥር ግን መጨፈር ማለት ነው፤ ኦርኬስትራም በጥንቱ ቴአትር ኅብረ ዘማሪዎቹ የሚጨፍሩበት ስፍራ ነበር።)

ሁለተኛው፣ «ማቀነባበር» ባለበት ሁሉ ይህን ግስ ማስገባት ነው። ቲማቲም በፋብሪካ ይቀነባበራል፤ እንግሊዝኛው ግን ለዚህ «ፕሮሰስ» የሚል ሌላ ግስ ስላለው፣ ቲማቲም «ኦርከስትሬት» አደረግሁ የሚል ሰው ቲማቲሞቹን ለአድማ ያነሣሣ ይመስላል።

ከሁሉ የሚከፋው የቃሉን ጥላ አለማስተዋል ነው። ግሱ ለሠርግ ድግስ ወይም ለትልቅ ጉባኤ ዝግጅት ሲነገር ሙገሳ ነው፤ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ያደርጉታል ተብሎ ለሚታሰብ ነገር፣ ለምርጫ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ፣ ለጭብጨባ እንኳ ሲነገር ግን ከመጋረጃ በስተጀርባ ሌላ እጅ አለ የሚል ክስ ይሆናል። በድጋፍ ደብዳቤ ላይ «የቦርዱን ድምፅ ኦርከስትሬት አድርጋለች» ብሎ የጻፈ አለቃ ሠራተኛዋን ያመሰገነ ይመስለዋል፤ አንባቢው ግን ድምፁ ተጭበርብሮ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። «አስተባበረች» ለማለት «ኮኦርዲኔት» ይበቃ ነበር። የሚገርመው «የተቀነባበረ» የሚለው የራሳችን ቃል ያንኑ ጥርጣሬ የያዘ በመሆኑ፣ ጆሯችንን ብናምን ኖሮ እዚህ ላይ ባልተሳሳትን ነበር።

ተሳቢውም ጥንቃቄ ይሻል፤ ዘመቻ ወይም ዕቅድ እንጂ ሰው አይሆንም፤ አንድ ሰው ብቻውን ለሚፈጽመው ነጠላ ተግባርም አይስማማም። በኮምፒውተር ሙያም እንደ ኩበርኔቲስ ያለ ሶፍትዌር ብዙ ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር ለየብቻ የታሸጉ ፕሮግራሞችን፣ አቀናጅቶ ሲያስኬድ ግሱ ይሠራል፤ አንዲት ሥራ በራሷ እንድትሄድ ማድረግ ግን «አውቶሜት» ነው።

አነባበቡን በተመለከተ፣ መካከል ላይ በ«ch» የተጻፈው ድምፅ «ከ» እንጂ «ቸ» አይደለም።