በእንግሊዝ አገር ደባል ሲያስገቡ፦ ቁልፍ ከመስጠትዎ በፊት

እንግሊዝ አገር ትርፍ ክፍል ያለው ሐበሻ ቤት ደባል የሚገባው ብዙ ጊዜ በሰው በሰው ነው። «የእገሌ እህት ናት፣ ጨዋ ልጅ ናት» ይባላል፤ በዚያው ሳምንት ቁልፍ ይሰጣል። ጨዋነቷ እውነት ይሆናል፤ ሕጉ የሚይዘው ግን አከራዩን ነው።

1. ፈቃድ ይጠይቁ። ቤቱ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ከሆነ ውልዎን አንብበው በጽሑፍ ያሳውቁ። ቤቱን በሙሉ አከራይቶ ሌላ ቦታ መኖር ወንጀል ነው። በብድር የገዙት ከሆነ ለባንኩና ለመድን ድርጅቱ ይንገሩ።

2. የደባሉን የመከራየት መብት፣ ማለትም በአገሩ በሕግ የመኖር ፈቃድ እንዳለው፣ ያጣሩ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ብዙ ሰው ይሉኝታ የሚይዘው እዚህ ነው። የብሪታንያ ዜጋ ፓስፖርቱን ያሳያል። የመኖሪያ ፈቃዱ በኢንተርኔት የተመዘገበ ሰው ደግሞ ከመንግሥት ድረ ገጽ ለ90 ቀን የሚያገለግል ኮድ (share code) አውጥቶ ይሰጥዎታል። በእሱ ስልክ የሚያሳይዎት ገጽ አይበቃም፤ ለአከራዮች በተዘጋጀው ገጽ ራስዎ ኮዱንና የልደት ቀኑን ያስገቡ። ፎቶግራፉ ሲመጣ ፊት ለፊትዎ ከተቀመጠው ሰው ጋር ያስተያዩ። ገጹን አትመው ቀን ይጻፉበት፤ ደባሉ ከወጣ በኋላም አንድ ዓመት ያቆዩት። ከ2024 ወዲህ ሳያጣሩ ላስገቡት አንድ ደባል ቅጣቱ እስከ 5,000 ፓውንድ፣ ከተደገመ እስከ 10,000 ፓውንድ ነው። የአገር ልጅም ሆነ ፈረንጅ፣ ሁሉንም እኩል ይጠይቁ።

3. ግብሩን ያስሉ። በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ዕቃ የተሟላለት ክፍል ካከራዩ በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ፣ ማለትም በወር 625፣ ከግብር ነፃ ነው። ገቢውን ከሌላ ሰው ጋር ከተካፈሉ የእርስዎ ድርሻ 3,750 ነው። ለመብራትና ለምግብ የሚከፍልዎትም አብሮ ይደመራል። ድምሩ ከነፃው መጠን ካለፈ፣ የግብር ዓመቱ ኤፕሪል ላይ ከተዘጋ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 ተመዝግበው እስከ ጃንዋሪ 31 ያሳውቁ።

4. ለካውንስሉ ይንገሩ። ብቻዎን ስለሚኖሩ 25 በመቶ የካውንስል ታክስ ቅናሽ ካለዎት፣ ደባሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆነ በቀር ቅናሹ ይቀራል። ዝም ብለው ቢቆዩ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ያለፈውንም ያስከፍልዎታል።

5. አጭር ውል ይጻፉ። ኪራዩ፣ መያዣው፣ የሚጋሩት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ይጠቀስ፤ የእንጀራ ምጣዱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጣድ እንኳ ቢጻፍ ከብዙ ኩርፊያ ያድናል። አብሮዎት ለሚኖር ደባል ውጣ ለማለት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አያስፈልግም፤ በቂ ማስጠንቀቂያ ግን ይገባዋል። በሳምንት የሚከፍል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት፣ በወር ከሆነ አንድ ወር ነው። ከአገሩ በቅርቡ የመጣ፣ ሌላ መግቢያ የሌለው ልጅ ከሆነ ከዚያ በላይ ይስጡት፤ ይህንንም በውሉ ላይ ያስፍሩለት።